ከአገር ውጭ የዘመቱ የአየር ኃይል ድሬሰር ትዝታ እንዴት ይመዘገባል?

የተባበሩት መንግሥታት ድርጅት በሐምሌ 1952 ዓ.ም. የኮንጎን ዘመቻ ሲጀምር ኢትዮጵያ ቀድመው ጦር ከላኩት አገሮች አንዷ ነበረች፤ በ1954 ዓ.ም. ደግሞ ኤፍ 86 የተባሉት የአየር ኃይላችን ተዋጊ ጄቶች ወደዚያው ተሻገሩ። አውሮፕላን ሲዘምት አብራሪው ብቻውን አይሄድም፤ መካኒኩም፣ ወጥ ቤቱም፣ ቁስል አጣቢው ድሬሰርም አብረው ይሄዳሉ። የአብራሪውን ስም የሚያነሳ ሰው አይጠፋም፤ የድሬሰሩን ግን ቤተሰቡ ካልጻፈው ማንም አይጽፈውም። ከእነዚያ ዘማቾች በሕይወት ያሉት ዛሬ ከሰማንያ ዓመት በላይ ስለሆኑ፣ ይህ ሥራ ለከርሞ የሚባል አይደለም።

ከእነርሱ አንዱ አባቴ ናቸው። መጀመሪያ የተሳሳትሁት ስልኬን ፊታቸው አስቀምጬ «አባባ፣ ስለ ጦርነቱ ይንገሩኝ» ማለቴ ነው። «ደኅና ነበር» አሉና ዝም አሉ። ከሳምንት በኋላ ቡና ተፈልቶ ሳለ «የተሰበረ ክንድ እንዴት ያስሩ ነበር?» ብዬ ጠየቅኋቸው። የእናቴን ነጠላ ተቀብለው ከጥግ እስከ ጥግ ሦስት ማዕዘን አድርገው አጠፉት፤ ክንዴን ደረቴ ላይ አሳርፈው፣ ቋጠሮው የአንገቴን አጥንት እንዳይጫን ወደ ጎን ሳቡት፤ ከዚያም የጣቶቼን ጫፍ ከጨርቁ አውጥተው ጥፍሬን ተጫኑና ደሙ እስኪመለስ ጠበቁ። «ካልቀላ ጠብቋል ማለት ነው፤ ትፈታዋለህ» አሉኝ። ያን ዕለት ሁለት ሰዓት ሙሉ ተጫወቱ። ስለዚህ ስለ ጦርነት ሳይሆን ስለ እጅ ሥራ ጠይቁ፤ መርፌ በምን ይቀቀል እንደ ነበር፣ ውኃ ከየት ይቀዳ እንደ ነበር፣ የወባ ክኒን አልውጥም የሚለውን ወታደር እንዴት ያሳምኑት እንደ ነበር።

የሙያውን ምሥጢር አስቀድሞ ጥቂት ማወቅ ጥያቄን ያበለጽጋል። ከፍታ ሲጨምር የአየር ግፊት ይቀንሳል፤ በ5,500 ሜትር ገደማ ከባሕር ወለሉ ግማሽ ያህል ብቻ ነው። በሰው አካል ውስጥ የታሰረ አየር ደግሞ ግፊቱ በቀነሰ መጠን ስለሚሰፋ፣ ደረቱ ተበስቶ ሳንባውን አየር የከበበው ቁስለኛ ያ አየር ሳይወጣለት ቢበር ትንፋሹ ሊቆም ይችላል፤ ሆዱ የቆሰለም፣ እግሩ በጀሶ የታሸገም የየራሱ ጥንቃቄ አለው። እንግዲህ «ቁስለኛ ወደ አውሮፕላን ከመግባቱ በፊት ምን ያዩለት ነበር? ቃሬዛው በየት በኩል ይገባ ነበር?» ብላችሁ ብትጠይቁ፣ ሽማግሌው የሙያ ጓደኛ እንዳገኙ ሁሉ ይከፈታሉ። የሚጠቀሙባቸውን ቃላት አታርሙ፤ ያሉትን እንዳሉት ጻፉ።

ማዕረጋቸውንም አጣሩ። በሰፈር ዘንድ መርፌ የሚወጋ ሁሉ «ሐኪም» ስለሚባል ቤተሰብ ራሱ ይሳሳታል። በ1947 ዓ.ም. የተከፈተው የጎንደር የሕዝብ ጤና ኮሌጅ ያሠለጥን የነበረው ጤና መኮንኖችን፣ የኮሚዩኒቲ ነርሶችንና ሳኒታሪያኖችን (የአካባቢ ንጽሕና ባለሙያዎችን) ነው፤ ድሬሰርነት ግን ሌላ ደረጃ ነበር። የት ሠለጠኑ፣ ስንት ወር ተማሩ፣ ማን ፈተናቸው የሚለው ሁሉ ይጻፍ።

ትልቁ ችግር የዘመን አቆጣጠር ነው። አባት በእኛ አቆጣጠር ያስታውሳሉ፤ የዘመቻ ወረቀቶች ግን በፈረንጆች አቆጣጠር የተጻፉ ናቸው። ልዩነቱ ከመስከረም እስከ ታኅሣሥ 22 ገደማ ድረስ ሰባት ዓመት ሲሆን፣ ከዚያ በኋላ እስከ ጳጉሜን ስምንት ይሆናል። ሁለቱንም ጎን ለጎን ጻፉ። ዓመቱን ከረሱት በበዓል አስጠጉት፤ «ከጥምቀት በፊት ነው የሄዱት፣ ወይስ በኋላ?» ስትሉ ብዙ ጊዜ መልስ ይገኛል።

ዕቃዎቹን በተመለከተ፣ ፎቶ አልበም ላይ ከተጣበቀ በግድ አትላጡት፤ እንዳለ በስልክ አንሱትና በልቅ ፎቶ ጀርባ ላይ የሰዎቹን ስም በእርሳስ አስፍሩ፤ እስክርቢቶ ይተላለፋል። የጎንደር ክረምት እርጥበት ስለሚበዛበት ሣጥኑን ከጭቃ ግድግዳና ከወለል አርቁት። ሜዳሊያ ካለ ጀርባውን እዩ፤ «በሰላም አገልግሎት» የሚል ትርጉም ያለው የእንግሊዝኛ ጽሑፍ ካለበት የተባበሩት መንግሥታት ነው።

ስለ ሞቱት ሰዎች በእኔ እምነት መጠየቅ አይገባም። ድሬሰር ሰው በእጁ ላይ ሲያልፍ ያየ ነው። ራሳቸው ካነሱት ግን መቅረጫውን ለመዝጋት ፈቃድ ጠይቁ፣ አታቋርጡ፣ «አይዞዎት» ለማለትም አትቸኩሉ። አባቴ የአንድ ልጅ ስም ጠርተው ፊታቸውን ወደ መስኮቱ አዞሩ፤ ያን ስም አልጻፍሁትም፤ እስኪፈቅዱልኝም አልጽፈውም።

ጽሑፉ ሲያልቅ ጮክ ብላችሁ አንብቡላቸው። እኔ ቋጠሮው ማጅራት ላይ ይታሰራል ብዬ ጽፌ ነበር፤ አባቴ እጃቸውን አንሥተው አስቆሙኝና እንድሰርዘው አዘዙኝ፤ ከዚያም ነጠላውን እንደገና አስመጡ።