የቀዶ ሕክምናው ቱቦ ገላ ስትታጠቡ እንዳያስቸግራችሁ

ከጡት ካንሰር ቀዶ ሕክምና በኋላ ፈሳሽ ማውጫ ቱቦ ይዛችሁ ቤት ከገባችሁ፣ ገላ ስትታጠቡ ጫፉ ላይ ያለችውን ትንሽ የፈሳሽ ማጠራቀሚያ የት እንደምታደርጓት ይጨንቃል። በእጅ እንዳትይዟት እጅ ያስፈልጋል። ከለቀቃችኋት ደግሞ ስፌቱን ትጎትታለች፣ በጣም ያማል።

የመታወቂያ ማንጠልጠያ ገመድ አንገታችሁ ላይ አጥልቁና ማጠራቀሚያዋን እሱ ላይ አንጠልጥሏት። ክብደቷን አንገት ስለሚሸከመው ቆዳችሁ አይወጠርም፣ ሁለቱም እጃችሁም ነፃ ይሆናል። ገመዱ ረዘም ይበል፤ ማጠራቀሚያዋ ከቁስሉ ዝቅ ስትል ፈሳሹ በደንብ ይወርዳል። እርጥብ ገመድ አንገት ላይ ስለሚቀዘቅዝ ደረቅ መቀየሪያ አዘጋጁ።

ይሄ ግን ሐኪማችሁ ገላ መታጠብ ከፈቀደላችሁ ብቻ ነው። ስትተኙም አውልቁት፣ አንገት ላይ ሊጠመጠም ይችላል። ያኔ ማጠራቀሚያዋን በመርፌ ቁልፍ ከፒጃማችሁ ጋር አያይዟት፤ ቱቦውን እንዳትወጉት ብቻ አደራ።