ማታ ማታ ጭስ የሚመልስ ምድጃ፦ መፍትሔው ጣሪያ ላይ ነበር

ቤታችን ደሴ፣ ጦሳ ተራራ ሥር ነው። የላሜራ ምድጃችን ቀን ደህና ይነድና ማታ ንፋስ ሲነሳ ጭሱን ወደ ክፍሉ ይመልሰዋል። እናቴ አፍንጫዋን በነጠላ ይዛ ታመሻለች።

መጀመሪያ ባሕር ዛፉ እርጥብ መስሎኝ ደረቅ ገዛሁ፤ ያው ነው። ቧንቧውን ፈትቼ በሽቦ ብሩሽ ጠረግሁት፤ ግማሽ ባልዲ ጥላሸት ወጣ (መጠረጉስ ይገባው ነበር)፣ ጭሱ ግን ማታ ተመለሰ።

በአራተኛው ቀን ጣሪያ ላይ ስወጣ ገባኝ። የቧንቧው አፍ ከኮልሞው (ከጣሪያው አናት) በታች ነው፤ ንፋሱ ኮልሞውን ተሻግሮ ቁልቁል ይመታዋል። በያጅ ጠርቼ አስቀጠልኩት፤ አሁን ከኮልሞው 60 ሴንቲ ሜትር ይበልጣል፣ ቆብም አለው። ጭሱ በዚያው ቀረ።

መስኮቱን ገርበብ ማድረግ ግን አልተውንም፤ ከምድጃ የሚወጣው ገዳይ ጋዝ፣ ካርቦን ሞኖክሳይድ፣ አይታይም፣ አይሸትም።