ሚኒሶታ ውስጥ ለወላጅ የቤት እንክብካቤ ሰዓት ስትጠይቁ

ፒሲኤ (PCA) የሚለውን ስም ሚኒሶታ ያለ ሐበሻ በደንብ ያውቀዋል። መንግሥት እየከፈለው፣ ዕድሜ ወይም ሕመም የተጫናቸውን ሰው ቤታቸው ሄዶ የሚያግዝ ሠራተኛ ነው። ልጅም ተቀጥሮ እናቱን ማስታመም እንደሚችል ይታወቃል። የማይታወቀው መንግሥት የሚከፍልበት ሰዓት እንዴት እንደሚሰላ ነው። ሌሊት ሦስት አራቴ የሚነሱ፣ ያለ ሰው እጅ ሻወር የማይገቡ እናት ትንሽዬ ሰዓት ተሰጥቷቸው «ተመስገን» ተብሎ ይታለፋል። ብዙውን የምጽፈው ስለዚያ ነው።

በቅድሚያ ስሙ። ከኦክቶበር 2024 ጀምሮ ፒሲኤ ሲኤፍኤስኤስ (CFSS) በሚባል ፕሮግራም እየተተካ መጥቷል። ሰው እንዲዛወር የተደረገው ዓመታዊ ግምገማው ሲደርስ ነው። ትልቁ ለውጥ፣ ድሮ የማይፈቀድላቸው የትዳር ጓደኛና ዕድሜው ከ18 በታች የሆነ ልጅ ወላጆች አሁን ተከፍሏቸው መሥራት መቻላቸው ነው። «ባልሽ ስለሆነ አይቻልም» ተብላችሁ የተመለሳችሁ እንደገና ጠይቁ።

ለማመልከት ሜዲካል አሲስታንስ፣ ማለትም የሚኒሶታው ሜዲኬይድ (ገቢያቸው አነስተኛ ለሆነ ሰዎች መንግሥት የሚሰጠው የጤና መድን)፣ ያስፈልጋል። 65 ዓመት የሞላቸው ብቸኛ ሰው ያላቸው ንብረት ከ3,000 ዶላር መብለጥ የለበትም፤ የሚኖሩበት ቤትና አንድ መኪና አይቆጠርም። እናታችሁን በቤተሰብ ጥሪ ካመጣችሁ ግሪን ካርድ ከያዙ በኋላ ብዙውን ጊዜ የ5 ዓመት ጥበቃ አለ፣ የስፖንሰሩ ገቢም ሊታይ ይችላል። ይህን ሳታጣሩ ሥራችሁን እንዳትለቁ።

ምን ያህል እርዳታ እንደሚያስፈልግ የሚገመግመው ካውንቲው ነው። 65 የሞላቸውና በሄልዝ ፕላን፣ ማለትም ሜዲካል አሲስታንሳቸውን በሚያስኬድ የጤና መድን ድርጅት፣ ውስጥ ያሉ ከሆነ ግን ፕላኑ ነው፤ ቁጥሩ ካርዱ ጀርባ ላይ አለ። የት እንደምትደውሉ ግራ ከገባችሁ፣ ለአዛውንት ሲኒየር ሊንኬጅ ላይን 800-333-2433፣ ለአካል ጉዳተኛ ዲስአቢሊቲ ሀብ 866-333-2466 አለ። ስልኩ እንደተነሳ «አማርኛ» በሉ። አስተርጓሚው ነፃ ነው። ጥያቄው ከቀረበ በኋላ ገምጋሚው በ20 የሥራ ቀናት ውስጥ መምጣት ስላለበት፣ የደወላችሁበትን ቀንና ያነጋገራችሁትን ሰው ስም ጻፉ።

አሁን ወደ ግምገማው እንግባ። ሁሉም ነገር የሚወሰነው እዚህ ነው።

ገምጋሚው ስለ ስምንት የዕለት ተዕለት ነገሮች ይጠይቃል። መልበስ፣ ጸጉርና ጥርስን ማሰናዳት፣ ገላ መታጠብ፣ መብላት፣ ከአልጋና ከወንበር መነሳት፣ መንቀሳቀስ፣ ተኝቶ መገላበጥ፣ መጸዳጃ ቤት መጠቀም። ቢያንስ በአንዱ እርዳታ የሚያስፈልገው ሰው ሊያልፍ ይችላል። ከስምንቱ ግን አራቱ ከሌሎቹ ይከብዳሉ፦ መብላት፣ መነሳትና መቀመጥ፣ መንቀሳቀስ፣ መጸዳጃ። እያንዳንዳቸው በቀን 30 ደቂቃ ይጨምራሉ። ስለዚህ እናታችሁ በይሉኝታ ሁለቱን «እችላለሁ» ካሉ በቀን አንድ ሰዓት ሄደ ማለት ነው። በወር ወደ 30 ሰዓት።

የእኛ ሽማግሌዎች ደግሞ በእንግዳ ፊት አይማረሩም። «እንዴት ነዎት?» ሲባሉ «እግዚአብሔር ይመስገን፣ ደህና ነኝ» ነው መልሱ። «ገላዎን ራስዎ ይታጠባሉ?» «አዎ ልጄ፣ እታጠባለሁ።» ገምጋሚዋ ራሳቸውን ችለዋል ብላ ትጽፋለች። እውነቱ ግን ልጃቸው ክንዳቸውን ይዛ፣ አንድ እግራቸውን በእጇ አንስታ የገንዳውን ጠርዝ ታሻግራቸዋለች፣ ጀርባቸውን ታሻለች፣ እስኪወጡ ቆማ ትጠብቃለች። ውሃውን ራሳቸው ማፍሰሳቸውን ነው እማማ «እታጠባለሁ» ያሉት። መነገር ያለበት ያ እግር የሚነሳበት ነገር ነው።

እርዳታ ማለት በእጅ መያዝ ብቻ እንዳልሆነም ልብ በሉ። ነገሩ ተጀምሮ እስኪያልቅ አጠገባቸው ሆኖ መከታተልና መንገር የሚያስፈልግ ከሆነም ይቆጠራል። የመርሳት ሕመም ላለባቸው ቤተሰቦች ይህ ትልቅ ነገር ነው። ማንኪያውን ራሳቸው ይይዛሉ፣ ነገር ግን አጠገባቸው ተቀምጦ «አሁን ይጉረሱ፣ አሁን ይዋጡ» የሚል ሰው ከሌለ ሳህኑ እንዳለ ይቀራል። እንዲሁ አድርጋችሁ ንገሩ። «አልታጠብም፣ አልለብስም» እያሉ በሳምንት አራት ጊዜና ከዚያ በላይ እምቢ የሚሉ ከሆነ፣ ወይም የሚሳደቡ ከሆነ፣ እሱም ለብቻው ጊዜ ያስጨምራል። ነውር ነው ብላችሁ አትደብቁት፤ በሽታው ነው።

ከቀጠሮው በፊት አንድ ሳምንት ማስታወሻ ያዙ። ሌሊት ስንቴ ተነሱ፣ የት ወደቁ፣ ልብስ ስንቴ ተቀየረ። የከፋውን ቀን ተናገሩ፣ በሳምንት ስንት ቀን እንደዚያ እንደሆነም ጨምሩ። የሌለውን አትጨምሩ፣ ያለውንም አትቀንሱ። ስለ መጸዳጃ ቤት በወንድ ልጃቸው ፊት የሚናገሩ እናት አላውቅም፤ ሴት አስተርጓሚ አስቀድማችሁ ጠይቁ፣ ወንዶቹም ለዚያች ሰዓት ወጣ በሉ። ልጆችን አታስተርጉሙ። ለእናታችሁም ቀድማችሁ አስረዷቸው፦ «እማዬ፣ ሴትዮዋ የምትጠይቅሽ ለመንቀፍ አይደለም፣ እንደ ሐኪም ነው፣ የደበቅሽው አይታገዝም።»

ሰዓቱ ከተፈቀደ በኋላ ዕቅዱን አብሯችሁ የሚያዘጋጅ አማካሪ ድርጅት ትመርጣላችሁ። ከዚያ ሁለት መንገድ አለ። አንደኛው ኤጀንሲ ነው፤ ሠራተኛ ይቀጥራል፣ ይከፍላል፣ ፕሮግራም ያወጣል። ሁለተኛው በጀቱን ራሳችሁ የምትይዙበት ነው፤ ቀጣሪዎቹ እናንተ ትሆናላችሁ፣ ደመወዙንና ታክሱን የሚያስኬድ የፋይናንስ ድርጅት አለ። ቤት ውስጥ ወረቀት የሚወድ ሰው ከሌለ የመጀመሪያውን ዓመት በኤጀንሲ ብትጀምሩ ይሻላል እላለሁ። ከመፈረም በፊት ግን ለሠራተኛው በሰዓት ስንት እንደሚከፍሉና ሠራተኛ ሲቀር ማንን እንደሚልኩ ጠይቁ። «እኛ ጋ ከተመዘገባችሁ ብር እንሰጣችኋለን» የሚል ካለ ሽሹት፣ ሕገ ወጥ ነው። ካልተስማማችሁ ኤጀንሲ መቀየር መብታችሁ ነው።

እህትማማቾችና ወንድማማቾች ተነጋገሩ፦ ወላጃችሁ ራሳቸው መወሰን ካልቻሉ ወኪል ያስፈልጋቸዋል፣ ወኪሉ ደግሞ የእሳቸው ተከፋይ ሠራተኛ መሆን አይችልም። አንዳችሁ ትፈርማላችሁ፣ ሌላችሁ ትሠራላችሁ። ሠራተኛው የጀርባ ታሪክ ምርመራ ማለፍና ሥልጠና ወስዶ መፈተን አለበት፣ በወርም ከ310 ሰዓት በላይ አይከፈለውም። ሥራው ለታማሚው ነው። የእሳቸውን ልብስ ማጠብ፣ የእሳቸውን ምግብ መሥራት አዎ፤ ለማኅበር እንግዳ እንጀራ መጋገር አይደለም።

ታይም ሺት፣ ማለትም የተሠራው ሰዓት የሚሞላበት መዝገብ፣ ላይ አትቀልዱ። በፌዴራል ሕግ መሠረት ማን፣ ለማን፣ ምን፣ የት፣ መቼ፣ ከስንት እስከ ስንት ሰዓት እንደሠራ በኤሌክትሮኒክ ይመዘገባል። ባዶ ወረቀት ላይ ፈርሙ ብትባሉ እምቢ በሉ። እናታችሁ ለፋሲካ አዲስ አበባ ከሄዱ እስኪመለሱ ድረስ ሰዓት አይሞላም፤ ሜዲኬይድ ከአሜሪካ ውጭ አይከፍልም። ከ2025 መጨረሻ ወዲህ ግዛቱ ሂሳቦችን ከመክፈሉ በፊት መመርመር ጀምሯል፤ በትንሽ ስህተት ክፍያ ሊዘገይ ይችላል።

ሰዓቱ ቢቀነስ ወይም ቢከለከል ደብዳቤ ይመጣል፣ ብዙውን ጊዜ በእንግሊዝኛ። አጣጥፋችሁ መሳቢያ ውስጥ እንዳታስገቡት። ይግባኝ ለመጠየቅ ከካውንቲ ከሆነ 30 ቀን አላችሁ። ከሄልዝ ፕላን ከሆነ መጀመሪያ ለፕላኑ ራሱ ነው፣ 60 ቀን አለ። ነገር ግን የነበረው ሰዓት ሳይቋረጥ እንዲቀጥል ከፈለጋችሁ ደብዳቤው ከተጻፈ በ10 ቀን ውስጥ ጠይቁ፤ ብትሸነፉ የዚያን ጊዜ ወጪ መልሱ ሊሏችሁ ስለሚችሉ ግን አስቡበት። ከዶክተራቸው የምታገኙትን ወረቀት፣ ያንን የአንድ ሳምንት ማስታወሻና የደብዳቤውን ፖስታ ከነቀኑ አያይዛችሁ አስቀምጡ። ግምገማው በየዓመቱ ስለሚመጣ ያው ፋይል ለሚቀጥለውም ያገለግላችኋል።