የሁለት አውሮፕላን ማረፊያዎችን ርቀትና የበረራ ጊዜ እንዴት ማስላት ይቻላል? ከባሕር ዳር ድሬዳዋ

ከባሕር ዳር ወደ ድሬዳዋ ለመብረር ያሰበ ሰው መንገዱ ስንት ኪሎ ሜትር እንደሆነና ስንት ሰዓት እንደሚፈጅ በወረቀትና በእርሳስ ራሱ ማስላት ይችላል። ርቀቱን ማግኘት ቀላል ሲሆን፣ ብዙ ሰው የሚሳሳተው ጊዜው ላይ ነው።

በመጀመሪያ የሁለቱን ማረፊያዎች ኬክሮስና ኬንትሮስ ይያዙ፤ በስልክዎ ካርታ ላይ ማኮብኮቢያውን ተጭነው ሲቆዩ ቁጥሮቹ ይወጣሉ። የባሕር ዳሩ ደጃዝማች በላይ ዘለቀ አውሮፕላን ማረፊያ በ11.61 ዲግሪ ሰሜንና በ37.32 ዲግሪ ምሥራቅ፣ የድሬዳዋው አባ ተና ደጃዝማች ይልማ ደግሞ በ9.62 ሰሜንና በ41.85 ምሥራቅ ላይ ይገኛሉ።

ቀጥሎ ልዩነታቸውን ወደ ኪሎ ሜትር ይለውጡ። አንድ ዲግሪ ኬክሮስ 111 ኪሎ ሜትር ያህል ነው፤ አንድ ዲግሪ ኬንትሮስ ግን ከምድር ወገብ በራቁ ቁጥር እየጠበበ ስለሚሄድ በእኛ አካባቢ 109 ኪሎ ሜትር ገደማ ይሆናል። ስለዚህ የ1.99 ዲግሪው ልዩነት 221፣ የ4.53ቱ ደግሞ 494 ኪሎ ሜትር ይሰጣል። ሁለቱን ቁጥሮች እያንዳንዳቸውን በራሳቸው አባዝተው ከደመሩ በኋላ የድምሩን ስኩዌር ሩት ሲያወጡ 541 ኪሎ ሜትር ያገኛሉ። ይህ አቋራጭ ስሌት ለአገር ውስጥ በረራ ይበቃል፤ አህጉር ለሚያቋርጥ ጉዞ ግን የምድርን ክብነት የሚያስገባ ቀመር ያስፈልጋል።

ጊዜውን ለማግኘት ርቀቱን ለፍጥነቱ ያካፍሉ። በአገር ውስጥ መስመሮች የሚበረው ባለሁለት ሞተሩ ዳሽ 8-400 በሰዓት 600 ኪሎ ሜትር ገደማ ይጓዛል ብንል በረራው 54 ደቂቃ ይሆናል፤ ሆኖም አውሮፕላኑ ከቆመበት ተነሥቶ እስኪያኮበኩብ፣ ከፍታ እስኪይዝና ለማረፍ ዝቅ እስኪል ፍጥነቱ አነስተኛ ስለሆነ 25 ደቂቃ ያህል መጨመር ይገባል። ድምሩ 1 ሰዓት ከ20 ደቂቃ ይሆናል ማለት ነው።

ይህ ግን በቀጥታ ለሚደረግ በረራ ብቻ ነው። የአገር ውስጥ በረራ በአብዛኛው ቦሌን ማዕከል ያደረገ በመሆኑ መንገደኛው ከባሕር ዳር አዲስ አበባ 330፣ ከዚያ ድሬዳዋ ደግሞ 340 ኪሎ ሜትር ገደማ፣ በጠቅላላው 670 ያህል ይበራል። ሁለቱ በረራዎች እያንዳንዳቸው 1 ሰዓት ገደማ ይወስዳሉ፤ ከሁለቱም በላይ የሚረዝመው ብዙ ጊዜ ቦሌ ላይ የሚጠበቀው ሰዓት ስለሆነ፣ ትኬት ሲቆርጡ ከኪሎ ሜትሩ ይልቅ በመካከል ያለውን የቆይታ ጊዜ ይመልከቱ።

በመጨረሻ ሰዓቱን ወደ አገራችን አቆጣጠር ይመልሱ። ትኬት ላይ 13:30 ተብሎ ከተጻፈ 6 ሰዓት ይቀንሱ፤ ከቀኑ 7 ሰዓት ተኩል ይሆናል። 07:00 የሚለውን ከቀኑ 7 ሰዓት ብሎ የሚያነብ ሰው ግን ማረፊያው የሚደርሰው አውሮፕላኑ ከሄደ ከ6 ሰዓት በኋላ ነው።