4 ቁጥር አይረኔ እንዴት እንደተስተካከለች

4 ቁጥር አይረኔ (ለረጅም ምት የምጠቀምባት የብረት የጎልፍ ዱላ) አንዴ ከኳሱ በፊት ሳሩን ትቧጥጣለች፣ አንዴ የኳሱን አናት ብቻ ነክታ ታልፋለች። 7 ቁጥር ግን ምንም አልነበረባትም፤ ስለዚህ ስዊንጌን (የዱላ አወዛወዜን) እንዳለ ተውኩት።

ለውጡን ያመጣው የኳሱ ቦታ ነው። ቀኝ እጅ ተጫዋች ስለሆንኩ፣ ከእግሮቼ መሃል በሁለት ኳስ ስፋት ያህል ወደ ግራ አስጠጋሁት። ኳሱን ለማንሳት ወደ ኋላ መደገፍም ቀረ፤ ማንሳት የዱላው ፊት ሥራ ነው። ፊቷ ላይ ደረቅ የእግር ዱቄት በስፕሬይ ነፍቼ ስመታ፣ ጫፏ አካባቢ ተበትኖ የነበረው የኳሱ ምልክት መሃል ላይ ተሰብስቧል። ይህን ሙከራ ከልቤ እመክራለሁ፤ ዓይን የማያየውን ያሳያል።

አዲስ አበባ ለምትጫወቱ፦ ከፍታው 2,400 ሜትር ገደማ ስለሆነ ስሱ አየር ኳሱን ያርቀዋል እንጂ ብዙ አያነሳውም። ግሪን (ጉድጓዱ ያለበት አጭር ሳር) ላይ ቶሎ እንዲቆም ከፈለጋችሁ፣ ኳሱን ከፍ አድርጎ የሚያነሳው ሃይብሪድ የሚባለው ዱላ ይሻላል።