ጥያቄውን የሚወስነው ማሰሪያ አንቀጹ ነው

እዚህ ጎንደር በየግድግዳው የሚለጠፉ ማስታወቂያዎችን ለሚያነብ ሰው፣ የጥያቄ ምልክትና ቃለ አጋኖ ያለ ቦታቸው ሲገቡ ማየት እንግዳ ነገር አይደለም። ብዙዎቻችን የምንሳሳተው «ማን» ወይም «መቼ» የሚል ቃል ባየን ቁጥር የጥያቄ ምልክት ስለምናስቀምጥ ነው። «ፋሲል ግንብን ያሠራው ማን ነው?» ቀጥተኛ ጥያቄ ሲሆን፣ «እንግዳው ፋሲል ግንብን ማን እንዳሠራው ጠየቀኝ።» ግን ወሬ ነጋሪ ዓረፍተ ነገር ስለሆነ በአራት ነጥብ ይዘጋል። ነገር ግን «እንግዳው» የሚለውን ትተን ማሰሪያ አንቀጹን፣ ማለትም ዓረፍተ ነገሩን የሚዘጋውን ግስ፣ ወደ «ታውቃለህ» ብንለውጠው፣ የቀረው ሳይነካ «ፋሲል ግንብን ማን እንዳሠራው ታውቃለህ?» ተብሎ እንደገና ጥያቄ ይሆናል፤ ስለዚህ ምልክቱን ከመምረጣችን በፊት መጨረሻ ላይ ያለውን ግስ ማየት ይበጃል።

«እንዴት» የተለየ ጥንቃቄ ይፈልጋል። «የጎንደር ጥምቀት እንዴት ያምራል!» አድናቆት ነው፤ በጥያቄ ምልክት ከተጻፈ ግን ጸሐፊው ውበቱን የተጠራጠረ ይመስላል። ቃለ አጋኖ ለአድናቆት፣ ለድንጋጤ ወይም ለብርቱ ትእዛዝ አንዱ ይበቃል፤ ሦስት አራት መደርደር በእኔ አስተያየት አንባቢ ላይ መጮህ ነው። ከሁለቱም ምልክቶች በኋላ አራት ነጥብ አይጨመርም። ተገልብጦ የሚጻፈው «¡» ደግሞ ትእምርተ ስላቅ ስለሆነ፣ ለምጸት ካልሆነ በቀር በቃለ አጋኖ ምትክ አይገባም።