ፀጉር የመሰለ ፎንት ሲጠቀሙ ከእነዚህ ስህተቶች ይጠንቀቁ

እጅግ ቀጭን ጂኦሜትሪክ ፎንት፣ ማለትም ፊደሎቹ ከክብና ከቀጥታ መስመር የተሰሩ የሚመስሉ ፎንት፣ በትልቁ ሲታይ ልብ ይሰርቃል። የላቲኗ «ኦ» በኮምፓስ የተሰራች ትመስላለች። ጫፎቹ ላይ ጭራ የለ፣ ጌጥ የለ። ብዙዎቻችን ግን የማይችለውን ሥራ እንሰጠውና «ይሄ ፎንት አይነበብም» ብለን እናማዋለን።

ዋናው ጥፋት ማሳነስ ነው። ፊደል ሲያንስ መስመሩም አብሮት ይቀጥናል። የመስመሩ ውፍረት የፊደሉ መጠን 2 በመቶ ነው እንበል። በ100 ፒክስል ሲጻፍ መስመሩ 2 ፒክስል ይሆናል፤ ያምራል። ያንኑ ወደ 12 ፒክስል ያውርዱት፤ የሚተርፈው 0.24 ነው። ስክሪን ሩብ ፒክስል መሳል ስለማይችል ጥቁሩን አደብዝዞ ግራጫ ያደርገዋል። ስለዚህ ለርዕስ፣ ለፖስተርና ለሎጎ ይሁን። አንቀጹን ወፈር ላለ ፎንት ይተዉለት።

ሁለተኛው፣ በቀጭን ላይ ፈዛዛ ቀለም መጨመር ነው። የድረ ገጽ ተደራሽነት መመሪያው ለትልልቅ ጽሑፍ በፊደሉና በጀርባው ቀለም መካከል የ3 ለ 1 የብርሃን ንፅፅር ይበቃል ይላል። ስሌቱ ግን የሚያየው ቀለሙን እንጂ የመስመሩን ቅጥነት አይደለም። ወረቀት ላይ ደግሞ ይብሳል። አንድ ጊዜ የግብዣ ካርድ ላይ ስሞቹን በግራጫ አድርጌ ነበር። ስክሪኔ ላይ አንደኛ ነው። ታትሞ ሲመጣ የተበጣጠሰ ክር! ለካ ግራጫ የሚታተመው በጥቃቅን ጥቁር ነጥቦች ነው፤ ነጥቦቹ ደግሞ እንዲህ ያለ ስስ መስመር አይሞሉም። በጥቁር ላይ ነጭ ፊደል ካደረጉም ጥቁሩ ቀለም ወደ ጎን እየሰፋ መስመሩን ከግራም ከቀኝም ይበላዋል። ሙሉ ጥቁር ይጠቀሙ፤ ሁሉም ከመታተሙ በፊት በዚያው ወረቀት ላይ አንድ ናሙና ያሳትሙ።

ሦስተኛው «ቀጠነብኝ» ብሎ ቦልድ መጫን ነው። ፎንቱ የራሱ ቦልድ ከሌለው ፕሮግራሙ መስመሩን በግድ ያወፍረዋል፤ ቅርፁም ይበላሻል። ድረ ገጽ ላይ የፊደል ውፍረት በቁጥር ይገለጻል፤ 100 እና 200 ቀጫጭኖቹ ናቸው። ካነሱብዎ የዚያኑ ፎንት 300 ይፈልጉ።

ቦታ ለመሙላት ወደ ጎን መለጠጥም ያው ነው። ክቡ እንቁላል ይሆናል፤ የቆሙት መስመሮች ከተጋደሙት ይወፍራሉ። ወፍራም ፎንት ላይ ምናልባት ይደበቅ ይሆናል፤ እዚህ ግን ወዲያው ያስታውቃል። እ.ኤ.አ. በ1927 የወጣው የጀርመናዊው ዲዛይነር የፖል ሬነር ፎንት ፉቱራ እንኳ በኮምፓስ ብቻ የተሰራ ቢመስልም ለዓይን እንዲመች ብዙ ቦታ ላይ በስሱ ተስተካክሏል። ያንን ልፋት በአንድ ጉተታ ማጥፋት ያሳዝናል።

የፊደል ክፍተትን በተመለከተ፣ ካፒታሎቹን ትንሽ ያራርቁ፤ ትንንሾቹን አይንኩ።

በመጨረሻም ኮድና የይለፍ ቃል አይጻፉበት። በብዙዎቹ ጂኦሜትሪክ ፎንቶች ካፒታል «አይ» እና ትንሿ «ኤል» ሁለቱም አንድ የቆመ መስመር ናቸው። አንባቢው የቱን እንደሚጫን በምን ይወቅ?